የኮፒ ማሽኑ አንድ ስም ብቻ ነበረው

አንድ የከተማ ውኃ ጽሕፈት ቤት ነበር። በዚያ ቤት ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት አይታመንም። ሠራተኛው ሪፖርቱን በኮምፒውተር ይጽፋል፣ ያትማል፣ ይፈርማል፣ ማኅተም ያስመታል፤ ከዚያ ወረቀቱን ኮሪደር ላይ ወደቆመው ትልቅ ኮፒ ማሽን ወስዶ ስካን ያደርግና ፎቅ ላይ ወደምትቀመጠው ኃላፊ በኢሜይል ይልካል። መልእክቱ ሲደርስ የላኪው ስም «ኮፒ ማሽን» ይላል፤ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ተያይዞ የመጣው ወረቀት ሲከፈት ነው። ማሽኑ ሥራውን ሲጨርስ በትንሿ ስክሪኑ ላይ «ተልኳል» የሚል ቃል ያሳያል። ያን ቃል ያየ ሁሉ ወረቀቱን ፋይል አድርጎ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ደርሶ ይሆን ብሎ ደረጃ የሚወጣ የለም።

በቤቱ ከሁሉም የቆየው ሠራተኛ አሰግድ ይባላል። ከከተማው ሥር የተቀበሩት አሮጌ ቧንቧዎች የት እንደሚታጠፉና የት እንደዛጉ ካርታ ሳያይ ይናገራል። ምንታምር የምትባል መሐንዲስ ስትቀጠር ሥራ ያስለመዳት እሱ ነው። የተቆጣ ደንበኛ በምን ቃል እንደሚበርድ፣ ሪፖርት ከምን እንደሚጀመር አሳይቷታል። ስትሳሳት ይስቅባታል፤ ስቆ ሲያበቃ ያርምላታል። በዚያን ጊዜ ይወዳት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ምንታምር መሳሳት ስታቆም ነው።

አንድ ሰኞ ኃላፊዋ ወይዘሮ የሺመቤት በስብሰባ ላይ የምንታምርን ሪፖርት ከፍ አድርጋ አሳየችና «እንዲህ ጻፉልኝ» አለች። በሚቀጥለው ሰኞም ደገመችው። አሰግድ ከሌሎቹ ጋር ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲህ ግን ጆሮው የራሱ አልሆነም። ማሽኑ ባጉረመረመ ቁጥር እሷ ትሆን እንዴ ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል። የጫማዋን ኮቴ ከሌላው ሰው ለይቶ ያውቃል። ኃላፊዋ ደረጃው ላይ ቆማ ስታነጋግራት ካየ፣ ሁለቱ እስኪለያዩ ከበሩ አይንቀሳቀስም፤ የሚሉትን ባይሰማም የሳቃቸውን ርዝመት ይለካል። እኔ ባሠለጠንሁት እጅ እኔው ልመታ፣ ይላል በልቡ።

በዚህ መሐል ኃላፊዋ ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ ስትሄድም አሰግድን ወከለችው። የቢሮዋን ቁልፍና የኢሜይሏን የይለፍ ቃል ሰጠችው። አስቸኳይ የሆነውን እንዲመልስ፣ ሌላውን እስክትመለስ እንዳለ እንዲያቆይላት ነገረችው። እሱም በሙሉ ልቡ እሺ አለ።

በወንበሯ በተቀመጠ በማግሥቱ ከኮፒ ማሽኑ አንድ መልእክት ገባ። ከፍቶ ቢያየው የምንታምር ሪፖርት ነው። እስከ መጨረሻው አነበበው። ሪፖርቱ ጥሩ ነበር፤ አሰግድም ይህን ሊክድ አልቻለም፤ የባሰበትም ለዚሁ ነው። ከመልእክቱ በላይ ከተደረደሩት ምልክቶች በአንዱ ላይ ጠቋሚውን ሲያሳርፍ «አይፈለጌ መልእክት» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። የአጭበርባሪዎችና የነጋዴዎች ማስታወቂያ የሚጣልበት ክፍል መሆኑን ያውቃል። ተጫነው። ሪፖርቱ ከዓይኑ ጠፋ።

ራሱን የሚያሳምንበት ቃል አላጣም። አልሰረዝሁትም፣ አለ። እዚያው የመልእክት ሳጥኗ ውስጥ ነው፤ ብትፈልገው ታገኘዋለች። ከዚያ በኋላ የምንታምር ፊርማ ያለበት መልእክት ሲመጣ ያንኑ ምልክት ይጫናል። በተጫነ ቁጥር ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ለአፍታ ቀለል ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ይቀመጣል። እሱ ራሱ በዚያ ሰሞን የሚልከው ነገር አልነበረውም፤ ኃላፊው እሱ ነውና። ሌሎቹም ጉዳያቸውን ፎቅ ወጥተው በቃል ይነግሩት ነበር። በማሽኑ መላኩን ያላቋረጠችው ምንታምር ብቻ ናት።

አንድ ቀን ማሽኑ ጋ ቆማ ስትልክ ከደረጃው ራስ ሆኖ አያት። ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ጠበቀ፤ መልእክቷ ግን አልመጣም። አይፈለጌ ወደሚባለው ክፍል ገብቶ ቢያይ እዚያ ተኝቷል። ማንም ሳይነካው ራሱ ገብቷል። አሰግድ ብቻውን ሳቀ። ማሽን እንኳ ማንነቷን ለየ፣ አለ።

ኃላፊዋ ተመለሰች፤ ቁልፉንም የይለፍ ቃሉንም ተረከበች። ብዙም ሳይቆይ የምክትል ኃላፊነቱ ቦታ ክፍት ሆነና ማስታወቂያ ወጣ። የሚወዳደር ሰው የሥራ ዕቅዱን ፈርሞና ማኅተም አስመትቶ እንደተለመደው በማሽኑ ይላክ፤ ከዓርብ ቀትር በኋላ የሚመጣ አይታይም፣ ይላል። የተወዳደሩት አሰግድና ምንታምር ናቸው።

አሰግድ ጡረታው ቀርቧል። ሌላ ዕድል እንደማይኖረው ያውቃል። ስለዚህ የሚያውቀውን ሁሉ ዕቅዱ ላይ አፈሰሰው። ከገበያው ሥር ያለው የዛገ መስመር ቢቀየር፣ ውኃ በጀሪካን የሚገዛው የላይኛው ሰፈር ከቧንቧ መቅዳት እንደሚችል አሳየ። ከየት ተጀምሮ የት እንደሚቆፈርም ጻፈ። ሚስቱ አንብባ ስትጨርስ፣ ይህን ሁሉ ይዘህ ነው እስካሁን ዝም ያልከው አለችው። ሐሙስ ጠዋት ስካን አደረገ። ስክሪኗ «ተልኳል» አለች።

ከሰዓት በኋላ ምንታምር ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ ማሽን እየሸወደን ነው መሰለኝ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተልኳል ይላል እንጂ አይደርስም። ወይዘሮ የሺመቤትን ስጠይቃቸው ከኔ ምንም አላዩም። እኔ ዕቅዴን በእጄ ሰጥቻቸዋለሁ። እርስዎም ብቅ ብለው ደርሶ እንደሆነ ይጠይቋቸው።»

አሰግድ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ልቡ ተረጋጋ። የእሷ ለምን እንደማይደርስ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የተጣለችው እሷ እንጂ እሱ አይደለም። ምክሯንም በሌላ ዓይን አየው፦ ኃላፊዋ ፊት እንደ ለማኝ እንድቆምላት ፈልጋ ነው፣ አለ።

«የእኔ ይደርሳል» አላት ቀና ሳይል።

«ደረጃዋን መውጣት ብቻ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ይደርሳል አልሁሽ። አንቺ የራስሽን ጠብቂ።»

ምንታምር ፊቷን አዞረች። ከዚያ ኮቴዋ እየራቀ ሄደ፤ እሱም እስኪጠፋ አዳመጠው።

ዓርብ ቀትር አለፈ። ሰኞ ኃላፊዋ ሁለቱንም ለቦታው ሰው እንዲመርጡ ከተሰየሙት ፊት አስጠርታ፣ የቀረበው ዕቅድ የምንታምር ብቻ ነው አለች። አሰግድ ከመቀመጫው ተነሣ። ሐሙስ ዕለት መልእክት አይደርስም ብላ ያወራችው ምንታምር መሆኗን፣ ማሽኑን ካልነካችው ይህን የምታውቅበት መንገድ እንደሌለ ተናገረ። ሌባ ናት ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ምንታምር አንገቷን ደፋች። ኃላፊዋ ጥገና ባለሙያውን ከድርን አስጠራች።

ከድር ባዶ ወረቀት ስካን አድርጎ ወደ ኃላፊዋ ላከ። «ተልኳል» አለ ማሽኑ። ሁሉም ተከትለውት ወደ ቢሮዋ ወጣና ኮምፒውተሯን ተመለከተ፤ ዋናው ሳጥን ውስጥ ምንም የለም።

«ማሽናችሁን በከንቱ አማችሁት» አለ። «እሱ ልኳል። የተመለሰው ከበር ነው።»

አይፈለጌ የሚባለውን ክፍል ከፈተ። የምንታምር ሪፖርቶች ተደራርበው ተገኙ። ከእነሱ በላይ የአሰግድ ዕቅድ፣ ከዕቅዱም በላይ የከድር ባዶ ወረቀት ተኝቷል።

«የእኔ ለምን እዚህ ገባ?» የሚለው ቃል አሰግድ ሳያስበው ከአፉ ወጣ። የእሷ ለምን እንደገባ አልጠየቀም። ምንታምር ቀና ብላ አየችው።

«ለዚህ ሳጥን የእርስዎ፣ የእሷ ብሎ ነገር የለም» አለ ከድር። «ከዚህ ቤት የሚመጣው ስካን ሁሉ ላኪው አንድ ነው፤ ኮፒ ማሽኑ። አንድ ሰው ደጋግሞ ይህ ላኪ አይፈለግም ብሎታል። ሳጥኑም ተቀበለ። ታዛዥ ነው፣ ለምን ብሎ አይጠይቅም።»

ወይዘሮ የሺመቤት ወደ ስክሪኑ ተጠግታ መልእክቶቹ የገቡበትን ቀን አየች።

«እኔ አላልሁትም» አለች። «ያን ጊዜ እዚህ አልነበርሁም።»

ውክልናው ለማን እንደተሰጠ በክፍሉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ወደ አሰግድ ግን ማንም አልዞረም። ቢያዩት ይሻለው ነበር።

ኃላፊዋ የአሰግድን ዕቅድ ከፍታ እዚያው ቆማ አነበበችው። ስትጨርስ ወደ እሱ ተመለሰች።

«ጥፋቱ የማሽኑ ቢሆን ኖሮ፣ ቀኑ ቢያልፍም እቀበለው ነበር፣ አቶ አሰግድ። ከሁለቱ የሚበልጠው የእርስዎ ነው።»

ሹመቱ ለምንታምር ሆነ። ከድር ከመሄዱ በፊት የተጣሉትን መልእክቶች ወደ ዋናው ሳጥን መለሰ፣ የማሽኑን አድራሻ ከታመኑት ላኪዎች ጋር መዘገበ፣ ከዚያ ወዲያ በሚላከው ስካን ሁሉ ላይ የባለቤቱ ስም እንዲወጣ አደረገ። ሥራው ከአንድ ሻይ መጠጫ ጊዜ የሚበልጥ አልፈጀበትም።

ከቀናት በኋላ አሰግድና ምንታምር ማሽኑ አጠገብ ተገናኙ። እሱ ሊልክ ያመጣውን ወረቀት በእጁ ያገላብጥ ነበር።

«የዚያን ዕለት ለምን ነገርሽኝ?» አላት። «ዝም ብትዪ ምን ይጎድልሽ ነበር?»

«ያለን አንድ ማሽን ነው፣ ጋሼ» አለችው። «የእኔ ካልደረሰ፣ የእርስዎ በየት በኩል ይደርሳል ብዬ ነው።»

ከዚያ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ ማሽኑ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችለት።

ቀናተኛ ሰው የሚመታውን ለይቶ የሚመታ ይመስለዋል። በአንድ ቤት የሚሠሩ፣ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች ግን የሚወጡበትም የሚገቡበትም በር አንድ ነው፤ አንዱ እንዳያልፍ የዘጉት በር ለዘጋውም አይከፈትም። አሰግድን ምንታምር አልበለጠችውም። የተሻለው ዕቅድ በእጁ ነበር፤ ዕቅዱን ያስቀረው ታዛዡ ሳጥን ነው፣ ሳጥኑን ያስተማረውም እሱ ራሱ ነው።

እናንተስ? ልካችሁት ያልደረሰላችሁ ነገር ካለ፣ በሩን ማን ዘጋብኝ ከማለታችሁ በፊት፣ ትናንት በማን ላይ ዘግታችሁት እንደነበር ታስታውሳላችሁ?