ናዳ የተባለው ወፍጮ ጠራቢ

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ከአረንዛ ወንዝ ማዶ አንዳርጌ የሚባል ወፍጮ ጠራቢ ይኖር ነበር። ቁመቱ አጭር፣ እጁ ሻካራ፣ ልቡ ገር ነበር። ዶሮ ሲታረድ እንኳ ቆሞ ማየት አይችልም።

ይህ አንዳርጌ ሹክ እያለ ነበር የሚናገረው። ሰው ሲጠራ ሹክ፣ ሲያመሰግን ሹክ፣ ሲቆጣም ሹክ። የማያውቁት ጉሮሮውን ያመመው ይመስላቸው ነበር። ጉሮሮውን ግን አላመመውም። አንዳርጌ ከጮኸ ድንጋይ ይፈርሳል፤ ነገሩ ይህ ነው። በልጅነቱ ንብ ነድፋው አንድ ጊዜ ቢጮህ የአባቱ ቤት ግድግዳ ተናደ። አባቱ ከፍርስራሹ አውጥቶ አቧራውን አራገፈለትና፣ "ልጄ፣ ድምፅህን ዋጠው" አለው። እሱም ዋጠው። ሃያ ዓመት ዋጠው።

ከዚያ ሚስት አገባ፤ ትርሲት የምትባል ልጅ ወለዱ። ትርሲት ሦስት ዓመት ሲሞላት እናቷን ወባ ገደለቻት። በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ሲጮህ አንዳርጌ አልጮኸም። ሰዎቹም "ይሄ ሰውዬ አንጀት የለውም" እያሉ አሙት። እሱ ግን ከቀብር መልስ ሕፃኗን ለጎረቤት ሰጠና፣ ሰው የማይደርስበት ገደል ድረስ ሄዶ፣ እዚያ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። የገደሉ ፊት እንዳለ ወረደ። አቧራው እስኪጠራ ሦስት ቀን ፈጀ ይባላል።

ይህንን ከሩቅ ያየ አንድ የቤተ መንግሥት አዳኝ ነበር። ያየውን ሄዶ ለአዛዥ ወሰኔ ነገረው።

አዛዥ ወሰኔ የንጉሡ አማካሪ ነው። አነጋገሩ ለስላሳ፣ ሐሳቡ ረጅም። በዚያው አገር ደግሞ ጎበዜ የሚባል የንጉሡ ጀግና ነበረ። ጎበዜ አንዴ ሲዘል ተራራ ይሻገራል፤ ጦሩን ሲወረውር ጦሩ ራሱ ተመልሶ እጁ ይገባል። አውሬና ወራሪ በበዛበት ጊዜ አገሩን ያዳነ እሱ ነው። ሕዝቡም ጎበዜን ባየ ቁጥር ንጉሡን ያመሰግን ነበር።

ታዲያ አውሬው አለቀ። ወራሪውም ቀረ። ዘጠኝ ዓመት ሰላም ሆነ። ሰው ፍርሃቱን ረሳ፤ ፍርሃቱን ሲረሳ ደግሞ መጠየቅ ጀመረ። "ንጉሡ መሬታችንን የሚወስደው ለምንድነው? ወንዶቻችንን ለግንብ ሥራ የሚነዳው ለምንድነው? ከማን ነው የሚጠብቀን?" አለ።

ንጉሡ ይህንን ሰምቶ እንቅልፍ አጣ። አዛዥ ወሰኔ ግን፣ "ጃንሆይ፣ ለዚህ አገር የጎደለው ጠላት ነው፤ እሱን እኔ አመጣለሁ" አለ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወታደሮች መጥተው ትርሲትን በበቅሎ ጭነው ወሰዷት። አንዳርጌ መዶሻውን ጥሎ እየሮጠ ተከተላቸው። ቤተ መንግሥቱ ሲደርስ አዛዡ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

"ልጅህ ደህና ናት" አለው። "ከንጉሡ የልጅ ልጆች ጋር ትበላለች፣ ትማራለች። ከአንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ባልኩህ ቀን፣ ባልኩህ ቦታ ትጮሃለህ። ጎበዜ ይመጣል፤ አንተ ትሸሻለህ። በቃ፣ ይኸው ነው።"

"ሰው ይጎዳል፣ ጌታዬ" አለ አንዳርጌ ሹክ ብሎ።

"ሰው የሌለበትን ቦታ እመርጥልሃለሁ።"

"እምቢ ብልስ?"

አዛዡ ወደ ግቢው ብቻ ተመለከተ። ትርሲት ከግንቡ ሥር ቆማለች፤ ግራና ቀኟ ወታደር አለ።

እናንተ "እዚያው ጮኾ ለምን ግንቡን አላፈረሰባቸውም?" ትሉኝ ይሆናል። ቢጮህማ ግንቡ መጀመሪያ የሚወርደው እሷ ላይ ነው።

እሺ አለ። የጅብ ቆዳ አለበሱት፤ ፊቱን ጥላሸት ቀቡት፤ ስምም አወጡለት። ስሙን ናዳ አሉት።

መጀመሪያ የላኩት ተራራ ላይ ወዳለ አሮጌ ምሽግ ነው። ምሽጉ ባዶ ነበር። ናዳ ጮኸ፤ ምሽጉ ፈረሰ። ጎበዜ ከሰማይ እንደወረደ ሆኖ ደረሰ፤ ናዳ ሸሸ፤ ከታች ያለው መንደር እልል አለ። የሞተው አንድ ግጦሽ ላይ የነበረ አህያ ብቻ ነው። አንዳርጌ ስለ አህያው አምስት ቀን እህል አልቀመሰም።

"ልጄን ስጡኝ" አለ ተመልሶ።

"አንድ ጊዜ ብቻ ቀረህ" አለው አዛዡ።

በሦስተኛው ዓመት ቆላ ግራር ወደሚባል መንደር ላኩት። እዚያ ያለውን የድንጋይ ጎተራ ባዶ ነው አሉት። ናዳ ጮኸ፤ ጎተራው ፈረሰ። ጎበዜ ደረሰ፤ ናዳ ሸሸ፤ መንደሩ እልል አለ። ጎተራው ግን ባዶ አልነበረም። ለዘር የተቀመጠ እህል ነበረበት፤ እህሉም ከድንጋዩ ጋር ገደል ገባ። በዚያ ክረምት ቆላ ግራር ተራበ። አንዳርጌ "ስንት ሰው ሞተ?" ብሎ ቢጠይቅ የሚነግረው አላገኘም። ሰዎቹ ግን ንጉሡ ግንብ ውስጥ አስጠጋን ብለው፣ መሬታቸውን ለቀው፣ እግሩን ሳሙ።

"ልጄን ስጡኝ" አለ ተመልሶ።

"አንድ ጊዜ ብቻ ቀረህ" አለው አዛዡ።

በስምንተኛው ዓመት የአረንዛን ድልድይ አፍርስ አሉት። "በማለዳ ማንም አይሻገርበትም" አሉት።

አንዳርጌ ከእንግዲህ አላመናቸውም። አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥላሸቱን ታጥቦ፣ የጅብ ቆዳውን ደብቆ ወደ ድልድዩ መንደር ወረደ። ያገኘውን ሰው ሁሉ እየያዘ፣ "ነገ ድልድዩ ላይ አትውጡ" አለ። ሹክ እያለ፣ አንድ በአንድ።

"ነገ እኮ ገበያ ነው" አሉት።

"ይፈርሳል፤ ናዳ ይመጣል" አላቸው።

አንዲት ብርነሽ የምትባል አሮጊት ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ "ናዳ ቢመጣ ጎበዜ አለልን፣ ልጄ፤ አንተ ይልቅ ለጉሮሮህ መድኃኒት ፈልግ" አለችው። ሌሎቹም ሳቁ።

በማግስቱ የጅብ ቆዳውን ለብሶ ሲመለስ ድልድዩ ሰው ሞልቶት ነበር። አንዳርጌ ይህንን ሲያይ አልጮህም አለ። ፊቱን አዙሮ መሄድ ጀመረ። ከማዶ ኮረብታ ላይ የቆመ ወታደር የትርሲትን ቀሚስ በጦር ጫፍ አንጠልጥሎ አሳየው።

አንዳርጌ ቆመ። ከዚያ ወደ ድልድዩ ሮጠ። እጁን እያወናጨፈ፣ ድንጋይ እየወረወረ ሰውን አባረረ። የጅቡን ቆዳ ያየ ሁሉ ሸሸ። አብዛኛው ሰው አመለጠ። ሸክም የከበደው፣ ያረጀው፣ ዓይነ ስውሩና መሪው ግን መሀል ላይ ቀሩ። ወታደሩ ቀሚሱን አወዛወዘ።

አልጮኸም ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ጮኸ።

አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ብርነሽም ከመሀላቸው ነበረች።

ጎበዜ ዘግይቶ ደረሰ። ሬሳዎቹን ከወንዙ አወጣ፤ የተረፉት እጁን ሳሙት። እሱ እጁን ነጥቆ ናዳን ተከትሎ ሄደ። አንድ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጦ አገኘው። ሁለቱ እስከዚያ ቀን ድረስ ቃል ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

"ከኮረብታው ጀርባ ነበርኩ" አለ ጎበዜ። "ምልክት እስክንሰጥህ አትውጣ ብለውኝ። ጩኸቱን ሰምቼም ቁጭ አልኩ።"

"ወዲያው ብትዘል ስንቱን ታወጣ ነበር?"

"ስምንት፤ ወይም ዘጠኝ።"

አንዳርጌ ልጁ እንዴት እንደተወሰደችበት ነገረው።

"ግደለኝ" አለ አንዳርጌ። "ናዳ ከሌለ ልጄ ለምንም አትሆናቸውም፤ ይተዋታል። ከዚያ በፊት ግን አንዴ ልያት።"

ጎበዜ እሺ አለ። እጁን አሥሮ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ወሰደው። አዛዥ ወሰኔ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን በሕዝብ ፊት ነውና ሊከለክላቸው አልቻለም።

ትርሲት ከልጆቹ መሀል ወጣች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዓይኗ የእናቷ ነው። አባቷን አታስታውሰውም። አባትሽ ወታደር ነበር፣ የገደለውም ናዳ ነው ብለው ነበር ያሳደጓት።

መጥታ ፊቱ ቆመች።

"ሞግዚቴ ድልድዩ ላይ ነበረች" አለችው። "እሷ ናት ያሳደገችኝ። ምን አድርጋህ ነው የገደልካት?"

አንዳርጌ አፉን ከፈተ። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። "ላንቺ ብዬ ነው" ሊላት ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ከልቡ ያልወጣ አንድ ቃል እሱ ነበር። ግን አያት። አሁን ይህንን ብነግራት አሥራ አንዱም ሙታን ከእኔ ትከሻ ወርደው እሷ ላይ ይወጣሉ ብሎ አሰበ። አፉን ዘጋ።

"መልስ የለኝም" አላት፣ ሹክ ብሎ።

ልጅቷ ወደ ጀግናው ዞረች። "ጋሼ ጎበዜ፣ ለምንድነው ያልገደልከው? ግደልልኝ።"

ጎበዜ አንዳርጌን አቅፎ ዘለለ። አንድ ተራራ፣ ሁለት ተራራ፣ ሦስት ተራራ ተሻገረ። ሰው ከማይደርስበት የጨው በረሃ ዳር ሲያርፉ ገመዱን ፈታለት።

"ግደለኝ እንጂ" አለ አንዳርጌ። "እንዲህ አልነበረም የተነጋገርነው።"

"አልችልም። እውነቱን አንድ ቀን ትሰማው ይሆናል። ያን ጊዜ አባቴን ያስገደልኩት እኔ ነኝ ብላ ትኑር?"

"እኔስ እንዴት ልኑር?"

ጎበዜ ጥሎት ሄደ።

አገሩ ሲገባ "ናዳ ሞቷል" ብሎ ተናገረ። አዛዥ ወሰኔ ግን በነጋታው አዋጅ አስነገረ፤ "ናዳ አምልጧል፤ ሁላችሁም ተጠንቀቁ" አለ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቤት ሲያፈርስ ናዳ ነው ተባለ። መሬት ሲንሸራተት ናዳ ነው ተባለ። የንጉሡ ሰዎች ራሳቸው ያፈረሱትም ናዳ ነው ተባለ። ሰው ወደ ግንቡ ገባ፤ መሬቱን አስረከበ፤ መጠየቁንም ተወ።

ጎበዜ ከዚያ ወዲያ አልዘለለም። እንደ ማንኛውም ሰው በእግሩ እየሄደ አረጀ።

አንዳርጌ ጨው ቆራጭ ሆነ። የጨው ሰዎች ድዳ ነው ብለው ዝም ብለው ያኖሩት ነበር። ሃያ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ከአረንዛ አገር የመጣ ነጋዴ ግመሎቹን ሲጭን ወሬ ያወራል። የንጉሡ ቤት ስላሳደጋት፣ ለትልቅ ሰው ስለተዳረች ትርሲት ስለምትባል ወይዘሮ አወራ።

"እሷ ቤት አድሬ ነበር" አለ ነጋዴው። "ልጆቿ ሲያለቅሱ ምን እንደምትላቸው ታውቃላችሁ? 'ዝም በሉ፣ ናዳ ይሰማችኋል' ትላቸዋለች። ወዲያው ጸጥ ይላሉ።"

ሰዎቹ ሳቁ። አንዳርጌ ጨው መቁረጡን አቆመ። ሃያ ዓመት ድዳ ነው ያሉት ሰው አፉን ከፈተ።

"ልጆች አሏት?" አለ ሹክ ብሎ።

"ሦስት" አለ ነጋዴው።

አንዳርጌ መጥረቢያውን አነሣና ወደ ሥራው ተመለሰ።

አሁን "አዛዥ ወሰኔስ?" ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ምንም አልሆነም። ተሾመ፣ ተሸለመ፣ አልጋው ላይ ሆኖ በልጆቹ መሀል ሞተ። ሌላ ነገር ብነግራችሁ ውሸት ይሆንብኛል።

እንግዲህ፣ ልጆቼ፣ ከዚህ የምትይዙት ይህንን ነው። ክፉ ሥራ ለጥሩ ምክንያት ቢሠራም፣ ምክንያቱን የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው የሚያገኘው ክፉውን ሥራ ነው። "ትንሽ ነገር ነው፣ አንዴ ብቻ ነው" ብሎ ለሚያዛችሁ ሰው ከመታዘዛችሁ በፊት አንዳርጌን አስቡት። እኔ የሰማሁትን ሳልጨምር ነገርኳችሁ፤ እናንተም ሳትቀንሱ አስተላልፉት።