በአስካለ ሳሙና የታጠበ

አንድ ሰው ነበር፤ የትልቅ ሳሙና ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሠራተኛ ሲታመም ሄዶ ይጠይቃል፣ ከለቅሶ አይቀርም። ደግሞ ቀልድ ይወዳል።

ይህ ሰው አንድ ቀን ሠራተኞቹን አዳራሽ ሰበሰበ። «ዓለም ጥሎን እየሄደ ነው። አዲስ ሐሳብ አምጡ። ሞክሩ፣ አትፍሩ!» አለ። ተጨበጨበ። «ፈጠራ ባህላችን ነው» የሚል ቲሸርት ታደለ። ለስላሳ ተጠጣና ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

አንዲት ሴት ግን አመነችው። አስካለ ትባላለች፤ የፋብሪካው ኬሚስት ናት። ፋብሪካው የሚሠራው ከውጭ በሚመጣ ዘይት ነበር። «ይህ ዘይት አንድ ቀን ቢቀርብንስ?» ብላ አሰበች። ከቄራ ሞራ አስመጣች፣ አቀለጠች፣ አጠለለች፣ ሳሙና ሠራች።

ሳሙናው ወጣ። አረፋው ጥሩ ነው። ሽታው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ቄራ ቄራ ይላል!

ሥራ አስኪያጁ ምን አደረገ? ቀጣት? አልቀጣትም። ከሥራ አባረራት? አላባረራትም። ሳቀ። ሁሉም ባሉበት ሳሙናውን አንሥቶ አሸተተና፣ «በአስካለ ሳሙና የታጠበ ሰው፣ ለመታጠብ ሌላ ሳሙና ይፈልጋል» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አስካለም አብራ ሳቀች። ምን ታድርግ?

ቀልዱ ግን በዚያ አላበቃም። በሚቀጥለው ስብሰባ ተደገመ። በበዓል ግብዣ ተደገመ። ለእንግዳ ሁሉ ተነገረ። እየቆየ ሲሄድ፣ አንዱ አዲስ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ጓደኛው በክርኑ ጎሸም እያደረገ «የአስካለ ሳሙና እንዳይሆንብህ» ይለው ጀመር። እሱም አፉን ይዘጋል።

ወገኖቼ፣ ያ ሁሉ ሰው እንዴት ዝም እንዳለ አያችሁ? በቁጣ አይደለም። በቀልድ ነው።

ከዚያ የውጭው ዘይት ቀረ። ማሽኑ ቆመ። ባለቤቶቹ «መላ ካልተገኘ የማምረቻው ክፍል ይዘጋል፣ ሠራተኛውም ይሰናበታል» አሉ። ሰውየው ደነገጠ። የሚሰናበቱትን በየስማቸው ያውቃቸዋል። ሰበሰባቸውና «እባካችሁ፣ መላ ያለው ይናገር» አለ።

ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

አንዱ እጁን አወጣ። ሰውየው ደስ አለው። «ሥራ አስኪያጃችን እንዳሉት፣ መላ መፈለግ አለበት» ብሎ ተቀመጠ። ሌላው ተነሣ። «እኔም በተባለው እስማማለሁ» አለ። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ አስካለን በሩ ላይ አገኛት። «አንቺ እንኳ ምነው? ያንን የሞራ ነገር ለምን ደግመሽ አልሞከርሽውም?»

«ጋሼ፣ ደግሜ ብሞክረው ሽታው የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር» አለችው። «ግን ቀልዱ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ ልጄ ‹የሳሙናዋ ልጅ› ተባለች። እያለቀሰች መጣችብኝ። በዚያው ተውኩት።»

«እኔ እኮ ስጫወት ነው!»

«አውቃለሁ ጋሼ። እኔ ግን እየተጫወትኩ አልነበረም።»

ክፍሉ ተዘጋ። ያ ሳሙና ያድናቸው ነበር? አላውቅም። ሥራ አስኪያጁም አያውቅም፣ አስካለም አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ተሞክሮ ቀረ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ከመካከላችሁ ትልቅ መሥሪያ ቤት የምትመሩ አላችሁ። ቤት የምትመሩም አላችሁ። «ሠራተኞቼ ሐሳብ የላቸውም» ትላላችሁ። «ልጆቼ አያማክሩኝም» ትላላችሁ። እስኪ ንገሩኝ፣ ሞክረው የተሳሳቱ ቀን ምን አላችኋቸው? የአንድ ቤት ባህል የሚታወቀው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ጽሑፍ አይደለም። ሰው በተሳሳተ ማግሥት በሚወራው ወሬ ነው። ያን ቀን ያላችሁትን እናንተ ረስታችሁት ይሆናል። የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳም።

ዛሬ ስትመለሱ አንድ ዝምተኛ ሰው ታገኛላችሁ። «ጨዋ ነው» እያላችሁ ስታመሰግኑት ኖራችኋል። ምናልባት ፈርቷችሁ ነው። አጠገቡ ተቀመጡና፣ «ያኔ ስስቅብህ አጥፍቻለሁ። የጀመርከውን ሐሳብ ጨርሰህ ንገረኝ» በሉት።

መጀመሪያ አያምናችሁም። ቢሆንም ተነሥታችሁ አትሂዱ።