ለአንድ ጎማ አየር

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ የዛሬው ተረት በብስክሌት ነው የሚሄደው። ላምም አለችበት፣ ግን ቆይታ ነው የምትመጣው።

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ እንግዶችን በብስክሌት እየመራች የቆርኬዎቹን መጠለያ ማስጎብኘት ነው። ቆርኬ ያ ፊተ ረጅሙ፣ ቀንደ ጠማማው የዱር እንስሳ ነው። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ብቻ ይዛ ወጣች፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጋሽ ይልቃል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ብስክሌት ላይ ሲወጡ ግን ልጅ ናቸው። መጠለያው መሀል ሲደርሱ የግራር እሾህ የሁለቱንም ብስክሌት አራቱንም ጎማ ወጋው። ትርንጎ ምን ገዷት! ማስቲሹን ቀባች፣ ልጥፉን ለጠፈች፣ ቀዳዳውን ደፈነች። ከዚያ ቦርሳዋን ብትዳብስ፣ ብትገለብጥ፣ የጎማ መንፊያው የለም። ቤቷ ረስታው መጥታለች። ስልኩም እዚያ ኔትወርክ የሚባል አያውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አስራ ሁለት ላይ ፀሐይ ትገባለች፤ ፀሐይ ስትገባ ጅብ ይወጣል። ጋሽ ይልቃል ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው አይወጡት፣ እሷም ተሸክማ አታወጣቸው። እዚሁ ይጠብቁኝ ብላ ወደ መንደር ሮጠች። አስጎብኚ እንግዳውን ጥሎ መሄዱ ነውር ነው፤ ያውም መንፊያ ረስቶ! ስለዚህ ለማንም ሳልናገር አየሬን ይዤ እመለሳለሁ ብላ ቆረጠች። አየር እኮ ነው፤ እግዜር በነፃ የሚሰጠው!

መንደሩ ዳር ጎሚስታው ቦንሳ ጎማ ሲጠግን አገኘችውና መንፊያህን አውሰኝ አለችው። ለማን ነው ቢላት፣ ለጎማ ነዋ አለች። ቦንሳ መንፊያውን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው። ኩፍ ኩፍ ይላል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም። ውስጡ ያለው ቆዳ ደርቋል፤ ዘይት ብሞክርለት ባሰበት፣ ቅቤ ካልቀባሁት አይረጥብም፣ ቅቤ አምጪና ውሰጂ አላት።

መንፊያው አየር አይተፋ፣ ጎማው አይነፋ፣ የትርንጎ ልብ አያርፍ። ፀሐይዋ ግን መንገዷን ይዛለች።

ትርንጎ አዴ ዱርሲቱ ቤት ሄደች፤ ቅቤ የሚሸጡ ሴት ናቸው። አንዲት ጣት ቅቤ ይስጡኝ አለች። ለምንሽ ነው አሏት። ለጎማ ነው አለች አሁንም። አዴ ዱርሲቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለካ ቀኑ የሆራ ቀን ነው። ሆራ ከብቱ በየወሩ የሚጠጣው ጨዋማ ውሃ ነው፤ በዚያ መንደር ከብት ሆራ ጠጥቶ ሳይረካ ቅቤ ከቤት አይወጣም። የወጣ እንደሆነ ላሚቱ ትነጥፋለች። አዴ ዱርሲቱ ደግሞ ያለቻቸው አንዲት ላም ናት፤ ለጎማ ብለው አያስነጥፏትም።

ላሚቱ ሆራ አትጠጣ፣ ቅቤው ከቤት አይወጣ፣ መንፊያው አየር አይተፋ፣ ጎማው አይነፋ፣ የትርንጎ ልብ አያርፍ። ሰዓቱ አስር ሆነ።

ወደ ሆራው መንገድ ሮጠች። ላሚቱ ዳለቻ ከመንደሩ ከብት ሁሉ ፊት ቆማለች። አንቺ ላም፣ ምናለ ብትጠጪልኝ አለቻት። ላም አይናገርም ትሉኝ ይሆናል፤ ዳለቻ ግን አንገቷን ዘርግታ መልሱን አሳየቻት። መንገዱ ላይ ወፍራም ገመድ ተወጥሯል።

ገመዱ አይፈታ፣ ላሚቱ ሆራ አትጠጣ፣ ቅቤው ከቤት አይወጣ፣ መንፊያው አየር አይተፋ፣ ጎማው አይነፋ፣ የትርንጎ ልብ አያርፍ። ጋሽ ይልቃል ውሃቸውን ጨርሰው ይሆን? ጅብስ ሰዓት ይቆጥራል እንዴ፣ ቀደም ብሎ ቢወጣስ?

ገመዱን የያዙት የመጠለያው ጥበቃ ጋሽ ኤዳኦ ናቸው። ገመዱን ይፍቱት ብላ ለመነቻቸው። አይሆንም አሉ። ቆርኬዎቹ ቀድመው አቋርጠው፣ ቀድመው ጠጥተው ነው ከብት የሚገባው፤ ይህን ያስማሙት የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። የዛሬዎቹ ቆርኬዎች ግን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ምን እንዳዩ እንጃ አሉ ጋሽ ኤዳኦ። አንቺስ ምን አስቸኮለሽ ቢሏት፣ ኧረ ምንም፣ የጎማ ነገር ነው አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ትርንጎም ይህን ለሌላ ሰው ስትመክር ማን ይችላታል!

ቆርኬው አያቋርጥ፣ ገመዱ አይፈታ፣ ላሚቱ ሆራ አትጠጣ፣ ቅቤው ከቤት አይወጣ፣ መንፊያው አየር አይተፋ፣ ጎማው አይነፋ፣ የትርንጎ ልብ አያርፍ። አስር ተኩል አለፈ።

እስቲ ያንቺ ዓይን ይሻላል ብለው ጋሽ ኤዳኦ አቅርቦ ማያ መነጽራቸውን ሰጧት። ቆርኬዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረዋል። እሷም መነጽሩን ወደዚያው አዞረች። ከሜዳው ማዶ፣ ልክ ቆርኬዎቹ በሚያልፉበት ቀጭን መንገድ ላይ፣ አንድ ቢጫ ነገር ቆሟል።

ቢጫው የራሷ ጃኬት ነው። ጋሽ ይልቃልን ቁጥቋጦ የሌለበት ቦታ መርጣ ያቆመቻቸው ራሷ ናት፤ ጅብ ተደብቆ እንዳይመጣባቸው ብላ። ጃኬቱን አልብሳ፣ ከሩቅ እንዲታዩ አይቀመጡ ያለቻቸውም ራሷ ናት። ቆርኬው የፈራው እሳቸውን፣ ገመዱ የጠበቀው ቆርኬውን፣ ላሚቱ የጠበቀችው ገመዱን፣ ቅቤው የጠበቀው ላሚቱን፣ መንፊያው የጠበቀው ቅቤውን፣ ጎማው የጠበቀው መንፊያውን፣ እሳቸው የሚጠብቁት ጎማውን!

ምንድን ነው ያየሽው አሏት ጋሽ ኤዳኦ። ምንም አላየሁም ልትል አፏን ከፈተች። ፀሐይዋን አየች፤ ከተራራው በላይ ሦስት ጣት ብቻ ቀርታለች።

«ሰው ነው፣ ጋሽ ኤዳኦ። የኔ እንግዳ ናቸው። ጥያቸው የመጣሁት እኔ ነኝ፤ መንፊያ የረሳሁትም እኔ ነኝ።»

ጋሽ ኤዳኦ አልተቆጡም። ስማቸው ማነው ብቻ አሉ። ከዚያ ከብት የሚመልሱበትን ድምፅ ማጉያ አነሱ። ቆርኬዎቹ እንደሆኑ ድምፃቸውን ለምደውታል። «ጋሽ ይልቃል! ትርንጎ እዚህ አለች፤ ይቀመጡ!» አሉ። ሜዳው ሰማ፣ መንደሩም ሰማ፤ የትርንጎ ገበና ቤት ለቤት ገባ።

ቢጫው ቁጭ አለ፤ ሣሩ ሸፈነው። ቢጫው ቁጭ ሲል ቆርኬው አቋረጠ፣ ቆርኬው ጠጥቶ ሲያልፍ ገመዱ ተፈታ፣ ገመዱ ሲፈታ ዳለቻ ጠጣች፣ ዳለቻ ስትረካ ቅቤው ወጣ፣ ቅቤው ሲወጣ ቆዳው ራሰ፣ ቆዳው ሲርስ መንፊያው እፍ አለ! ቦንሳም ትርንጎን ከነመንፊያው ሞተሩ ላይ አፈናጦ በረረ።

ሲደርሱ ጋሽ ይልቃል እግራቸውን ዘርግተው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ትርንጎ እግራቸው ሥር ተንበረከከች፤ ረስቼው ነው፣ አፍሬም ነው የዘገየሁት ብላ አለቀሰች። «አይቀመጡ ስላልሽኝ ቆሜ ነበር ልጄ፤ ትንሽ ብትቆዪ እወድቅልሽ ነበር» አሏት። ያን ያህል ሰዓት በዚያ ጉልበት ቆመዋል። ቦንሳ ነፋ፣ እሷ ያዘች፤ አራቱም ጎማ ተነፋ።

ከመጠለያው ሲወጡ የፀሐይዋ ጫፍ ገና አልገባም። መንደሩ ሁሉ ገመዱ የነበረበት ቦታ ቆሞ ይጠብቃል። አዴ ዱርሲቱ ጋሽ ይልቃልን ከእግር እስከ ራስ አዩ፣ እግዜር ይመስገን አሉ፣ ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ለጎማ ነው አልሽኝ እኮ። ለሰው ነው ብትይኝ ከአናቴ ላይ ያለውን ቅቤ ጠርጌ እሰጥሽ ነበር!»

ዳለቻም እስከ ዛሬ አልነጠፈችም። የኔ ተረት እዚህ ላይ ተነፈሰ፤ መንፊያ ያልያዘ ከበሩ ይመለስ።