ከማልፊያው በላይ የጮኸችው እንቁራሪት

አንድ ጊዜ በአንድ ወንዝ ዳር የሚኖሩ አራዊት ተሰብስበው እንቁራሪትን የውኃ መርማሪ አድርገው ሾሟት። ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንቁራሪት እኮ በቆዳዋም ጭምር ነው የምትተነፍሰው፤ ውኃ ውስጥ የገባ መርዝ ከማንም ቀድሞ እሷን ያቃጥላታል። ውኃው ደኅና ከሆነ ማለዳ ትጮኻለች፤ ዝም ካለች ማንም ወንዝ አይወርድም።

አያ ጅቦ ደግሞ ከወንዙ ራስጌ ቆዳ ማልፊያ ከፍቶ፣ ቆዳ የሚነከርበትን የኖራ እጣቢ ወንዙ ውስጥ ይደፋ ነበር። እንዳይነቃበት ፈርቶ ቀበሮን አማከረ። ቀበሮም እንቁራሪት ዘንድ ሄዳ፣ ለእንደ እሷ ያለች ባለሥልጣን ጭቃ ላይ መዋል እንደማይገባ፣ ከጅብ ማልፊያ ከፍ ብሎ ሾላ ያጠላበት ጥሩ ድንጋይ እንዳለ አጫወተቻት።

እንቁራሪት አመነታች። «የሚጠጡት እኮ ከታች ነው።»

«ወንዙስ ያው አንድ ወንዝ አይደለም እንዴ፣ እመት እንቁራሪት? ታች የሚወርደው ይኸው የላዩ ውኃ ነው።»

ነገሩ እውነት መሰላት፤ ድንጋዩም ተመቻት። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ እዚያው ሆና ጮኸች። አህያም ጩኸቷን እየሰማች ውርንጭላዋን ከታች አጠጣች።

ውሎ አድሮ የውርንጭላው ሆድ ተነፋ፤ እግሩም ከዳው። እንቁራሪት ወሬውን ሰምታ እየዘለለች ወረደችና እሱ ከጠጣበት ውኃ ገባች። ቆዳዋ እንደ እሳት ነደደ።

«እመት እንቁራሪት፣» አለች አህያ ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል፣ «ዛሬም ጮኸሽ ነበር እኮ።»

ውርንጭላው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

በሸንጎው ፊት እንቁራሪት በቀበሮ ምክር ከየት ሆና ስትጮኽ እንደ ከረመች ሳትሸሽግ ተናገረች። ጅብ ግን እጣቢው ማንንም አይጎዳም ብሎ ድርቅ አለ። የሸንጎው ዳኛ አንበሳ፣ አንተስ ጠጥተህ አሞህ አያውቅም ወይ ሲል ጠየቀው።

«እኔማ ምን ያመኛል? ከማልፊያዬ በታች ጠጥቼ አላውቅም። ሞኝ መሰልኳችሁ?»

ቀበሮ አንገቷን ደፋች።

ጅብና ቀበሮ ማልፊያውን ዘግተው ጉድጓድ እንዲቆፍሩ ተፈረደባቸው። ኖራው በመጀመሪያው ጉድጓድ ይዘቅጣል፤ ቀጥሎ ባለው ሰፊ መደብ አሸዋና ጠጠር ሞልተው ሸምበቆና ፊላ ተከሉ፤ እጣቢው በሥሮቹ መካከል ቀስ እያለ ሲያልፍ እየተጣራ ይወጣል። ሸምበቆውና ፊላው ሳይጸድቅ አንድም ቆዳ አልተነከረም።

ማልፊያው እንደገና በተከፈተ ማግስት እንቁራሪት ጮኸች። ማንም አልወረደም። በመጨረሻ አህያ ብቻዋን መጣች።

«ከየት ሆነሽ ነው የጮኽሽው?»

«ከእጣቢው መውጫ በታች፤ አንቺ ከምትጠጪበት።»

አህያ ወርዳ ውኃውን አሸተተች። ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው የውኃን ንጽሕና መመርመር ያለብን ለእኛ በሚመቸን ቦታ ሳይሆን ጉዳቱ በሚደርስበት ቦታ መሆኑን ነው።