ማር የነካው ካርቶን

አንድ ጊዜ፣ ጉም ጫካውን ውጦ ዛፎቹ ቆመው የሚያንቀላፉ በሚመስሉበት ክረምት፣ እመት ጦጣ በአራዊት ገበያ የጠርሙስ ማር ትሸጥ ነበር። ጠርሙሶቹ በወረቀት ተጠቅልለው አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየሆኑ በካርቶን ይታሸጋሉ። ወረቀቱን ማር ይነካዋል፤ ካርቶኑ ግን ጠርሙሶቹን ከመሰብሰብ በቀር ሥራ የለውም፣ ደረቅ ነው። የማር ሽታ ደግሞ ጅብ ይጠራል። ስለዚህ አያ አንበሶ «ማር የነካው ወደ ቆሻሻ ጉድጓድ፣ ያልነካው ለወላድ መኝታ!» ብሎ ደነገገ፤ የተረፈውን ወረቀትና ካርቶን የምትለየውም እመት ቀበሮ ሆነች።

በዚያው ሰሞን እመት አህዪት ወለደች። ውርንጭላዋ እርጥብ መሬት ላይ ይንቀጠቀጣል።

«እመት ቀበሮ፣ በሞቴ፣ ደረቅ ካርቶን ስጪኝ። ልጄ በብርድ ሊሞትብኝ ነው!»

«ኧረ ምን ገዶኝ! እቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ።»

የቆሻሻው ጉድጓድ ግን ከዳገቱ ማዶ ነው። ቀበሮ ደግሞ ብልጥ አይደለች? ማር የጠጣውን ወረቀት በካርቶኖቹ መሐል ሸጉጣ አስራ ለአህዪት አደረሰችና «ከአንዱ መንገድ ተገላገልኩ!» ብላ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ውርንጭላው ካርቶኑ ላይ ሞቆት ተኛ። እናቱም አሸለበች። በእንቅልፍ ልቧ ማር ማር ሸተታት፤ ልጇ በአደይ አበባ መሐል ሲቦርቅ አየች፤ ደስ አላት። ዓይኗን ስትገልጥ ግን ከጉሙ ውስጥ አያ ጅቦ ብቅ አለ።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመት አህዪት? ማር ብዬ ብመጣ ለካ ሥጋም አለ!»

አህያ ክው አለች። ካርቶኑን ገለጥ ስታደርግ ወረቀቱን አየች፤ ነገሩ ገባት።

«አያ ጅቦ፣ ይሄ ትናንት የተወለደ ነው፣ ለአንድ ጉርሻም አይበቃህም። ይልቅ ይቺን ወረቀት ቅመስ። ካርቶኑን ያሰረችው እመት ቀበሮ ናት።»

ጅቦ ወረቀቱን ሳያኝክ ዋጠው። «ወይ ጉድ! ቅምሻው እንዲህ ከሆነ ማድጋው ምን ሊሆን ነው!» አለና ሥጋውን ረስቶ ወደ ቀበሮ ቤት በረረ።

«ማሩን አውጪ!»

«አያ ጅቦ፣ በአንበሶ አምላክ፣ የለኝም! ወረቀት ብቻ ነበር!»

«በደረቅ ካርቶን ውስጥ ማር የምትደብቂ፣ የለኝም ስትይ ማን ያምንሻል?»

ጉድጓዷን ይምስ ጀመር። ማር አላገኘም፤ ቤቷን ግን ናደው። ቀበሮ በጓሮ ሾልካ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለመለየት የሰነፍንበት ቆሻሻ መጀመሪያ የጎረቤትን፣ ቀጥሎ የራሳችንን በር እንደሚያንኳኳ ነው።