ንብ አርቢው ጓንጉልና የጨፌው አበባ

እስቲ ቀረብ በሉና ጆሯችሁን አውሱኝ።

በድሮ ዘመን ጓንጉል የሚባል ንብ አርቢ ነበር። አሥር ቀፎ ያለው ብርቱ ሠራተኛ ነው፤ ግን ጥላውን እንኳ አያምንም። ሰው «እንዴት አደርክ?» ሲለው «ምን ፈልጎ ነው?» ይላል።

ጎረቤቱ እትዬ ስንዱ ባልቴት ነበረች። ጓሮዋ ከገደል ሥር ነው፤ ፀሐይ አይደርሰውም፤ ውሃ ያዣል። ገብስ ብትዘራ በሰበሰ፤ ጎመን ብትተክል በሰበሰ፤ ባቄላውም እንዲሁ።

አንድ ዓመት የመንደሩ ሰው ከታች ያለውን ረግረግ ጨፌ አድርቆ ሊያርሰው ተነሣ። እትዬ ስንዱ ከማረሻው ቀድማ ወረደችና የጨፌውን ቢጫ አበባ ከነሥሩ ከነጭቃው በቅርጫት አምጥታ ጓሮዋ ተከለችው።

ጓንጉል በአጥሩ ቀዳዳ አያት።

«እትዬ ስንዱ፣ ምን እየቀበሩ ነው?»

«አበባ ነው ልጄ። ጨፌው መታረሱ ነው፤ ዘሩ እንዳይጠፋ ብዬ።»

«የማይበላ ነገር ማን ይተክላል?» አለ በሆዱ።

በማግስቱ ውሃ ስታጠጣ አያት። «እርጥብ መሬት ማን ያጠጣል?» አለ በሆዱ። በሦስተኛው ቀን ቅጠል ስታለብሰው አያት። «የምትሸፍነውማ ነገር አለ» አለ በሆዱ።

ክረምቱ አልፎ አበባው ፈካ። የጓንጉል ንቦች ጠዋት ተነሥተው ቀጥ ብለው አጥሩን ተሻገሩ።

«ገባኝ» አለ ጓንጉል። «ለካ ንቦቼን ልታስኮበልል ኖሯል።»

እትዬ ስንዱ ገበያ የሄደች ቀን አጥሩን ዘለለ። አበባውን አንድ በአንድ ነቅሎ ገደሉ ሥር ከመረው፤ እጁን ታጥቦ ደስ ብሎት ገባ።

ንቦቹ አንድ ቀን ዞሩ። ሁለት ቀን ዞሩ። ጨፌው ታርሷል፤ አበባው ተነቅሏል። በሦስተኛው ቀን ቀፏቸውን ጥለው ሄዱ። ከአሥሩ አንዱ ብቻ ቀረ።

ጓንጉል ወደ ክምሩ ሮጠ። የላይኛው ደርቋል፤ የታችኛው ሥር ግን ገና እርጥብ ነው። እሱን ታቅፎ እትዬ ስንዱ ደጅ ቆመ።

«ዛሬስ ምን ልትነቅል መጣህ?» አለችው፤ ከገበያ ስትመለስ ዱካውን አይታ ነበር።

«ልተክል ነው።»

«ማን ያምንሃል?»

ጓንጉል አለመታመን እንዲህ ፊት እንደሚያቃጥል አያውቅም ነበር።

አስገባችው። ሲቆፍር ዱላዋን ይዛ ቆማ አየችው። ሲያጠጣ ቆማ አየችው። ቅጠል ሲያለብስም ቆማ አየችው።

በዓመቱ አበባው ፈካ፤ የቀረው ቀፎም ማር ሞላ። ጓንጉል የመጀመሪያውን ወለላ ለእትዬ ስንዱ ይዞላት ሄደ። ሳህኑን ተቀበለችው፤ ማሩን አየችው፤ እሱንም አየችው።

«መጀመሪያ አንተ ቅመስ» አለችው።

ቀመሰ።

አያችሁ ልጆቼ፣ ጎረቤቱን በከንቱ የጠረጠረ፣ ራሱ እስኪታመን ብዙ ክረምት ይፈጅበታል። እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ ማመን የእናንተ ነው።