የአድራሻው ጅራትና የቢያድግልኝ ልጆች

በአንድ ወቅት ደባርቅ ከተማ ውስጥ ዓይንህን ላፈር የሚባባሉ ሦስት ወንድምና እኅት ነበሩ። በአንድ ወቅት ስላችሁ ደግሞ የጥንት ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ኢንተርኔት ከገባ በኋላ ነው።

አባታቸው አቶ ቢያድግልኝ ተራራ ለሚወጣ ሰው በቅሎ የሚያከራይ፣ እንግዳ የሚያሳድር ሰው ነበር። የቤቱ ድረ ገጽ አድራሻ በዶት ኮም የሚያልቅ ነው፤ ይህን መጨረሻውን እኛ ጅራት እንበለው። ማንም ሰው የኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ «ደባርቅ በቅሎ» ብሎ ቢጽፍ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው የነሱ ቤት ነበር። እንግዳውም የሚመጣው በዚያ ነው። አባትዬው ሊሞት ሲል ሽማግሌ ጠርቶ፣ «ቤቴ አይከፋፈልም። ከሦስቱ እንግዳ እንዳይነጥፍበት ያደረገው ልጅ ይውረሰው» ብሎ ተናዘዘ። ምን ዓይነት ኑዛዜ ነው ብላችሁ እኔን አትጨቅጭቁኝ፤ የተናዘዝኩት እኔ አይደለሁም።

የመጀመሪያው ልጅ ሞላልኝ ነው። «ፈረንጁ ቀርቷል፤ አሁን የሚመጣው ያገሬ ሰው ነው። መፈለጊያው ያገር ጅራት ያለውን ገጽ ላገር ሰው ያስቀድማል» አለ። ውሸቱን አይደለም። ማንንም ሳያማክር ጅራቱን ወደ ኢትዮጵያው ዶት ኢቲ ቀየረውና አሮጌውን አድራሻ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። «ሁለት ደጅ ያለው ቤት ሌባ አያጣም» ይላል ደግሞ! መፈለጊያው አዲሱን አድራሻ ከየት ይወቀው? ለሱ ትናንት የተወለደ ቤት ነው። ስለ ቤቱ ኢንተርኔት ላይ የጻፉ ሰዎች ሁሉ የሚጠቁሙት ወደ ተዘጋው በር ሆነ። ቤቱ ከአንደኝነት ወርዶ ማንም አገላብጦ የማይደርስበት ገጽ ውስጥ ተቀበረ። ስልኩ ዝም አለ፤ በቅሎዎቹም ሥራ ፈትተው ገለባ ይበላሉ።

የመጨረሻው ልጅ ታከለ ነው። በነሱ ቤት በቅሎ ሲሸጥ ገመዱ ለገዢ አይሰጥም። ገዱ አብሮ እንዳይሄድ ሻጩ ፈትቶ ያስቀረዋል። አድራሻ ደግሞ በየዓመቱ ተከፍሎበት ይታደሳል፤ ሞላልኝ አሮጌውን ሳያሳድስ ጊዜው አለፈ፤ ማዶ ያለው ባለሆቴል ሊወስደው ሲያሰፈስፍ ታከለ ቀደመውና በራሱ ስም አስመዘገበው። «ገመዱ እኔ ዘንድ ነው» አለ። ጎበዝ ልትሉ ነው አይደል? ቆዩ! አልከፍትም ብሎ ቆልፎ ያዘው።

«በአባቴ ለቅሶ ላይ፣ በሰው ፊት ሰካራም ተብያለሁ። ይቅርታ ካልተጠየቅኩ ንክች አላደርገውም» አለ።

ሰካራም ያለው ሞላልኝ ነበር። «አንተን ይቅርታ ከምጠይቅ ቤቱ ይፍረስ» አለው።

ታከለ ጋሼ ማለቱን ከተወ ሰንብቷል። «ይፍረሳ፣ አንተ!» አለው።

መካከለኛዋ ስንዱ ናት፤ የድረ ገጹን ሥራ የምታውቀውም እሷ። «እያንዳንዱን አሮጌ ገጽ ወደ አዲሱ አቻው ካላዞርነው መፈለጊያው ያው ቤት መሆኑን አያውቅም። ለዚያ አሮጌው አድራሻ የግድ ያስፈልገኛል» ብላ ለመነች። ማን ይስማት! በመጨረሻ በገበያ ቀን፣ አገር ምድሩ እያየ፣ ድንጋይ ማጅራቷ ላይ ተሸክማ ከታናሽ ወንድሟ ደጅ ወደቀች። እሷ እኮ ምንም አላለችውም። ስለ ታላቅ ወንድሟ ጥፋት ነው የወደቀችው። ታከለ ድንጋዩን አወረደላትና የይለፍ ቃሉን ሰጣት፤ ተነሺ እንኳ አላላትም።

ከዚያ የበቅሎውን ገጽ ወደ በቅሎው፣ የመኝታውን ወደ መኝታው፣ አንድ ባንድ አዞረችው። ስለ ቤቱ ለጻፉትም ሁሉ «አድራሻችንን አስተካክሉልን» እያለች ጻፈች። እንዲህ በቀላሉ አልተመለሰም፤ ወራት ፈጀ። በስተኋላ ግን ቤቱ ቀስ በቀስ ወጥቶ አንደኛ ሆነ፤ ያገር ውስጡ እንግዳማ ከበፊቱም በለጠ። አሁን አልጋ ጠፍቶ ሰው ይመለሳል።

ሽማግሌዎቹ ኑዛዜውን ሊፈጽሙ ሦስቱን ሰበሰቡ። ማንም ያሸንፍ፣ ሁለቱን በዚያው ቀን ከነጓዛቸው ሊያስወጣ ሦስቱም ምለዋል።

«ጅራቱን ባልቀይረው ይሄ ሁሉ ያገር ሰው ከየት ይመጣ ነበር?» አለ ሞላልኝ።

«ያ ማዶው ሰውዬ አሮጌውን ወስዶት ቢሆን ምኑን ታዞሩት ነበር?» አለ ታከለ።

«አንዱ አጠፋ፣ አንዱ ቆለፈ። ያቃናሁት እኔ ነኝ» አለች ስንዱ። «የናንተን ድንጋይ ማን ተሸከመ?»

«ማን ተሸከሚ አለሽ?» አላት ሞላልኝ። ታከለም ሳቀ። በሕይወታቸው የተስማሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷም አለቀሰች።

አንዱ ሽማግሌ «ለሷ ነው እንጂ!» አለ። ሁለተኛው፣ «እንባ አይወርስም፤ ያለ ታከለ ባዶ እጇን ነበረች» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ኑዛዜው ያለው እንግዳ ነው፤ እንግዳውን ያበዛው የሞላልኝ ሐሳብ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ተሰዳድበው ተበተኑ፤ ፍርዱ እስከ ዛሬ አልተሰጠም።

እንግዲህ ሽማግሌ ነን የምትሉ ፍረዱ። ለሦስቱም ይካፈል ብሎ ማምለጥ የለም፤ አባትዬው አይከፋፈልም ብሏል። አንዱ ይገባል፣ ሁለቱ ጎዳና ይወድቃሉ። ቤቱ የሚገባው ለማን ነው?